ድንጋዩ ሐዲዱን ሲሻገር

ድንጋዩ ገና የባቡር ሐዲዱን ሳይሻገር ሃዊ ሞተሩን አስነሳች።

የመኝታ ቤቷን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ ስታይ፣ ከአሮጌው የአቃቂ ባቡር ጣቢያ በኩል ሦስት ሰዎች ይመጣሉ። ፊት ፊት ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው የሚራመዱት ጋሽ ሙሀመድሁሴን ናቸው፤ ወሎዬው የጭነት መኪና ባለቤት፣ ሰፈሩ ሲጣላ የሚጠራቸው አስታራቂ። ከኋላ እትዬ አሰጋሽ፣ የሟች እናቷ ባልንጀራ፣ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ይከተላሉ። መሀል ላይ ደግሞ እሱ። አምባው። ጫማውን አውልቆ፣ ጋቢውን አደግድጎ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ዝገት የበላውን ሐዲድ በባዶ እግሩ እየተሻገረ ነው።

«ና!» አለች በጥርሷ መሀል። «ናልኝ እስቲ!»

እግሯ ፔዳሉ ላይ ነው። ፔዳሉ የእናቷ የሲንጀር ስፌት መኪና ነበር፤ ሞተሩን ከሳሪስ አቦ ገበያ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት ነው ያመጣችው። ሞተሩ በቆመ የውሃ ቱቦ ውስጥ የላስቲክ ቀበቶ ያሽከረክራል። ከቱቦው አናት ላይ ሁለት የብረት ጎድጓዳ ሳህኖች አፍ ለአፍ ተገጥመው እንደ ኳስ ተቀምጠዋል፤ ቀበቶው በሮጠ ቁጥር ኳሱ ላይ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። በጨለማ ሹራብ ስናወልቅ ጠሽ ጠሽ የሚለን ያው ነው፤ ይሄ ግን የሹራቡ አያት በሉት።

ሃዊ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ናት። ኳሱን በጥር ወር፣ አየሩ እንደ ቆሎ ደርቆ ሳለ፣ ለተማሪዎቿ ብላ ነበር እቤቷ የሠራችው። ልጆቹ እጃቸውን ኳሱ ላይ ሲያሳርፉ ፀጉራቸው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ክፍሉ በሳቅ ይሞታል። «እጃችሁን ካሳረፋችሁ አይመታችሁም» ትላቸው ነበር። «የሚመታው ርቆ ቆይቶ የሚነካውን ነው። ብልጭታ ክፍተት ይፈልጋል።»

የዛሬው ግን ለሳቅ አልነበረም። አልጋዋ ሥር፣ በለስላሳ ሳጥን ውስጥ፣ ጨው ውሃ የተሞሉ ሃይላንዶች ውጫቸው በፎይል ተጠቅልሎ ተደርድረዋል። ኳሱ የሚሰጣቸውን እየጠጡ ዝም ይላሉ፤ የነካቸው ሰው ላይ ግን የጠጡትን በአንድ ጊዜ ይተፉበታል። አንዱን ብቻ በራሷ ላይ ሞክራው ክንዷ እስከ ትከሻዋ በድን ሆኖባት ውሏል። አሁን ሳጥኑ ሙሉ አንድ ላይ ተያይዟል። የሽማግሌ ልብ ይህን ይችለው አይችለው እንደሆነ አታውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ አለማወቋን ወዳዋለች።

ከሃይላንዶቹ የወጣው አንዱ ሽቦ በመስኮቱ ሾልኮ በረንዳው ላይ ወደተቀመጠው የእናቷ የአልሙኒየም ማስታጠቢያ ይሄዳል። ማስታጠቢያው የተደፋ የላስቲክ ሳጥን ላይ ነው። ሌላው ሽቦ ደግሞ ከፊቱ ከተነጠፈው እርጥብ ጆንያ ሥር ይገባል። በዳይ የሚንበረከከው እዚያ ነው።

«ጆንያውን ለምን አራስሽው?» ብሏት ነበር አባቷ ጠዋት።

«አቧራ እንዳይነሳ ነው አባዬ።»

አመናት። ወልደገብርኤል ልጁን መቼ ተጠራጥሮ ያውቃል!

እንግዲህ የቂሙ ነገር እንዲህ ነው። ወልደገብርኤል ባቡሩ ሥራ እስኪያቆም ድረስ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። በግርግሩ ዘመን፣ የኮዬ ፈጬ እርሻ ኮንዶሚኒየም ሊሠራበት ሲታጠር፣ ገበሬ ለነበሩት የሚስቱ ዘመዶች አቤቱታ ይጽፍላቸው ጀመር። አንድ ማለዳ መጥተው ወሰዱት። ፍርድ ቤት የቀረበው ምስክር አንድ ብቻ ነበር፤ የግድግዳ ጎረቤቱ፣ የእድሩ ሰብሳቢ፣ ሃዊ በልጅነቷ ትከሻው ላይ ተቀምጣ ጥምቀት የወጣችበት ሰው። ጋሼ አምባው። «ቤቱ ሰው ይሰበሰባል፤ በጀሪካን ቤንዚን አስቀምጧል፤ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ማለ። ያ ጀሪካን ጋዝ ነበረበት። የምድጃ ጋዝ! አምባው ራሱ መብራት በጠፋ ቁጥር ጠርሙስ ይዞ እየመጣ የሚቀዳበት ጋዝ!

ወልደገብርኤል ተፈርዶበት ቃሊቲ ወረደ። እናቷ ምግብ ስታመላልስ፣ በር ላይ ስትሰለፍ፣ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባት ከርማ አንድ ክረምት ታመመችና ሞተች። ባልዋ ሬሳዋን አልሸኘም። ድንኳኑን የተከለው ማን ሆነ? የእድሩ ሰብሳቢ! እየተሽቆጠቆጠ ንፍሮ ሲያዞር ሃዊ ከሐዘንተኛው መሀል ብድግ ብላ፣ «አምባው፣ አንተ፣ ከእናቴ ድንኳን ውጣ!» አለችው። ሰው አፉን ያዘ። የአባቷን እኩያ በአንተ! ከዚያ ቀን ወዲህ ለአምባው ከአፏ «ጋሼ»ም «እርስዎ»ም አልወጣም።

ያን ጊዜ ግን ገና ሁሉንም አላወቀችም ነበር። የካቲት ሁለት ሺህ አሥር፣ እስረኛ በአውቶቡስ እየተጫነ ሲፈታ፣ አባቷም ተፈታ። እጁ ይንቀጠቀጣል። የሸሚዙን ቁልፍ እሷ ነች የምትቆልፍለት። ሲመሽ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል እንጂ ማብሪያውን አይነካም። ለምን ብላ ስትወተውተው፣ «ቃሊቲ ከመውረዴ በፊት፣ ስሙን በማላውቀው ቤት...» አለና ቆመ። ቆይቶ፣ «በሽቦ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችም። ያን ቀን ወደ ክፍሏ ገብታ ኳሱን እያየች ብዙ ተቀመጠች። አምባውን አቀምሰዋለሁ፣ አለች። እሱም ይቅመሳት!

በሩ ተንኳኳ።

ሃዊ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። ሃይላንዶቹ ጠጥተው ጠግበዋል። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣችና ማስታጠቢያው አጠገብ እንደ ዘበኛ ቆመች።

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግቡ፣ ግቡ» አለ ወልደገብርኤል ከወንበሩ እየተነሳ።

«በልማዱ መሠረት በዳይን ይዘን መጥተናል» አሉ ጋሽ ሙሀመድሁሴን። «ተንበርከክ አምባው። አፍህን ሞልተህ ተናገር።»

አምባው እርጥቡ ጆንያ ላይ ተንበረከከ። ከማስታጠቢያው የሚለየው አንድ ክንድ ነው። ጭንቅላቱ ሸብቷል፤ ድንጋዩ ማጅራቱን ፍቆት ቀልቷል። እሰይ፣ አለች በሆዷ።

«ወልዴ» አለ አምባው መሬት መሬቱን እያየ። «ጠርተው አስገቡኝ። ጠረጴዛው ላይ ሽቦ ነበር። ሐሰት አልናገርም፤ እኔን ጫፉን እንኳ አላስነኩኝም። ወዲያ ወዲህ እያደረጉ አሳዩኝ፣ በቃ። ‹የወልደገብርኤል ጀሪካን ውስጥ ያለው ምንድን ነው?› አሉኝ። ‹ጋዝ› አልኩ። ሽቦውን አነሱት። ‹ቤንዚን› አልኩ።»

እትዬ አሰጋሽ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ወልደገብርኤል የሚንቀጠቀጡ እጆቹን ጉልበቱ መሀል ከተተ። ሩቅ የአንድ ሲኖትራክ ጡሩንባ ተሰማ።

«ሽቦውን እኔ አውቀዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ያየ ሰው ብዙ ይናገራል።»

«በል ወልደገብርኤል» አሉ ሽማግሌው። «ስለ ፈጣሪ ብለህ።»

«ይቅር ለእግዜር።»

ተነሥቶ ድንጋዩን ከአምባው ማጅራት በሁለት እጁ አወረደና ምሰሶው ሥር አኖረው። እትዬ አሰጋሽ አለቀሱ። ሃዊ ግን እሳት ለበሰች። እንዲህ በቀላሉ? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የተወጋው ራሱ ሲረሳስ ማን ያስታውስ? እኔ አለሁ፣ አለች፤ እኔ አለሁልህ!

«ገበታ ይቅረብ እንግዲህ፤ ይቅርታ ያለ እህል አይጸናም» አሉ ጋሽ ሙሀመድሁሴን እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። ወደ ማስታጠቢያውም እጃቸውን ዘረጉ።

ሃዊ በደረቷ ከለለቻቸው። «እርስዎ ይቆዩ ጋሽዬ! ዛሬ ቀድሞ የሚታጠበው ድንጋይ የተሸከመው ነው።»

«ተባረኪ!» አሉ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው። «የጨዋ ልጅ!»

የላስቲኩን ጆግ አነሳች። ፎጣው ትከሻዋ ላይ ነው። አምባው ዓይኑን ቀና አድርጎ አያት፤ እንባ አቅርሯል፤ መዳፎቹን ገጥሞ ወደ ማስታጠቢያው ሊዘረጋ ሲል፣

«አንዴ ልጄ» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። «ስጪኝ። የዛሬውን እኔ ነኝ የማስታጥበው።»

«አይ አባዬ! ተው፣ እኔ...»

«ይቅር ያለው እኔ ነኝ እኮ!» ጆጉን ከእጇ ወሰደው። የሚንቀጠቀጠው ሌላው እጁ ደግሞ ማስታጠቢያውን ወደ አምባው ለማስጠጋት ወደ ጠርዙ ሄደ። የሚያግደው ምንም ነገር የለም፤ አንድ እግሩ ጆንያው ላይ ነው።

ሃዊ አላሰበችም። ተወርውራ ማስታጠቢያውን በሁለት እጇ አቀፈችው። ጉልበቷ እርጥቡ ጆንያ ላይ አረፈ።

ጣ!

ጅራፍ ግቢው ውስጥ የጮኸ መሰለ። ክንዶቿ የእሷ አልነበሩም፤ ደረቷን አንድ ሰው በመዶሻ የመታት መሰላት፤ ስትወድቅ ማስታጠቢያው አብሯት ተንከባለለ። አፏ ውስጥ የሳንቲም ጣዕም መጣ።

«በስመ አብ! መብረቅ!» ጮኹ እትዬ አሰጋሽ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የዳመና ዘር የለም።

«መብረቅ አይደለም» አለ ወልደገብርኤል።

ጆጉ ከእጁ ወድቋል። ጀርባውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ ሆኗል። ሽቦውን አየ። በዓይኑ እየተከተለው ከማስታጠቢያው ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ልጁ መስኮት ሄደ።

«ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለ። «እቤቴ ነው? እቤቴ ውስጥ ሃዊ? ለማን ነበር?»

ተነሥታ ተቀመጠች። መዋሸት ትችል ነበር፤ አልፈለገችም። «ለሱ» አለች በአገጯ እያመለከተች። «ለአንተ አልነበረም አባዬ፣ በእናቴ አጥንት አልነበረም! ለሱ ነው!»

«በእናትሽ ማስታጠቢያ?»

«አዎ፣ በእናቴ ማስታጠቢያ! ሬሳዋን ባልሸኘህላት በእናቴ! አንተ ‹ይቅር› አልክ። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«አዑዙ ቢላህ!» ጋሽ ሙሀመድሁሴን ብድግ አሉ። «ለሽምግልና ጠርታችሁን ወጥመድ? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ይሄ ነው! ተነሥ አምባው፣ እንሂድ!»

አምባው አልተነሣም። የተንከባለለውን ማስታጠቢያ ስቦ ሳጥኑ ላይ መለሰው፤ ሽቦው አሁንም አልተላቀቀም። ከዚያ ሁለት መዳፉን እመሀሉ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፈነ። ትከሻው እንደ ወባ በሽተኛ ይርገፈገፋል።

«ይቀመጡ ጋሽ ሙሀመድ» አለ። «ልጅቷ ልክ ናት። እኔ ይሄን ፈርቼ ነው ሰው የሸጥኩት። ሂጂ ልጄ። አስነሺው።»

ሃይላንዶቹ የጠጡትን እሷ ላይ ተፍተው ባዶ እንደሆኑ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አንድ ቃል ብትናገር ይገላገላል። አልተናገረችም። ያችን ሽቦ ትንሽ ይጠብቃት፣ አለች፤ አባቴ እንደጠበቃት። ከዚያም፣ ምን ልበላችሁ፣ ተነሥታ ገባች። እየተወላገደች፣ ግድግዳ እየተደገፈች ገባችና እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች።

ሞተሩ ጮኸ። በመጋረጃው ቀዳዳ ታየዋለች። አምባው ድምፁን ሲሰማ አንዴ ዘለለ፤ እጁን ግን አላነሳም። ቀበቶው ይሮጣል፤ ሃይላንዶቹ ግን ምንም አይጠጡም። ገባት። ለልጆቹ ስንቴ ነግራቸዋለች! እጁን ያሳረፈ አይመታም። የመጣው ሁሉ በእሱ በኩል ወደ ጆንያው ይፈሳል። እንዲመታው ክፍተት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ይልቀቅ፣ ይጠራቀም፣ ከዚያ ይንካ።

«እጅህን አንሳ!» ብላ ጮኸች።

ውጭ እትዬ አሰጋሽ እልልታቸውን አቀለጡት።

«ማረችው! እጅህን አንሳ አለችው! የኔ እናት፣ አንጀቷ ተላወሰ!»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ጋሽ ሙሀመድሁሴን። «ነገሩ ሊያልቅ ነው!»

ሃዊ በድን ሆና ቆመች። ጉድ እኮ ነው! ልትገድለው ያለችውን ምሕረት አሉት። እግሯ ከፔዳሉ አልተነሣም። አምባው እጁን አንሥቶ ፊቱን በመዳፉ ይጠርጋል፣ ያለቅሳል፣ ይመርቃታል። ሃይላንዶቹ ይጠጣሉ። ኳሱ ጠሽ ጠሽ ማለት ጀመረ። አሁን ሊታጠብ እጁን ይዘረጋል፤ ዘረጋም።

ወልደገብርኤል ከግድግዳው ተላቀቀ። ሞተሩን የሰማው እሱ ብቻ ይመስል ነበር። ከአምባው እጅ ቀድሞ የራሱን የሚንቀጠቀጥ መዳፍ ማስታጠቢያው ላይ አሳረፈ። ትንሽ ጠሽ አለ። ጥርሱን ነከሰ፤ መዳፉን ግን አላነሳም። ወደ መጋረጃው ዞሮ አየ። አልተቆጣም፤ አልተጣራም። እጁን እንዳሳረፈ ዝም ብሎ አየ።

ማብሪያ የማይነካ ሰው!

እግሯ በራሱ ተነሣ። ሞተሩ እያቃሰተ ቆመ። ሃዊ ሽቦውን ከሃይላንዶቹ ላይ በጥሳ ጣለችና አልጋው ላይ ተደፍታ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ንዴት ይሁን ኀፍረት ራሷም አልለየችውም።

ወጥታ ቀጥ ብላ ወደ ምሰሶው ሄደች። ድንጋዩን አነሳች፤ የደነዘዙ ክንዶቿ ሊለቁት ደረሱ። ማጅራቷ ላይ አድርጋ አጎንብሳ መጣች። አምባው ወደ እሱ የምትመጣ መሰለው፤ ተርበትብቶ ሊነሣ ሞከረ። አለፈችው። አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«ያን ድምፅ እቤትህ አስገባሁ» አለች። «ይቅር በለኝ አባዬ።»

ወልደገብርኤል ድንጋዩን አወረደላት። ለማውረድ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ማንም አላገዘውም። «ይቅር ለእግዜር» አለና ግንባሯን ሳማት።

«ለአምባውስ?» አሉ ጋሽ ሙሀመድሁሴን በቀስታ። «ሰው ሊጎዳ ነበር ልጄ። እንግዳ ነው።»

«ድንጋዩ ለአባቴ ነው። ለሱ የለኝም።»

«ይተዉአት ጋሽ ሙሀመድ» አለ አምባው። ከጆንያው ላይ አልተነሣም፤ ጋቢው ጫፉ ረጥቧል። «እንደ ድሮው ‹ጋሼ› ብትለኝ ብዬ ነበር። በልጅነቷ ከበር ጀምራ ነበር የምትጠራኝ። አንድ ቀን ትለኝ ይሆናል፤ ካልሆነም የእኔ ጥፋት ነው።»

ሃዊ ዞረችበት። ዓይኗ ቀልቷል። ያላትን መርዝ ሁሉ አፏ ላይ ሰበሰበች።

«እስክሞት ድረስ» አለች ቃል በቃል፣ «ጋሼ አልልዎትም።»

እትዬ አሰጋሽ ቀና አሉ።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ሙሀመድሁሴን። «‹አልልህም› ነው ‹አልልዎትም› ያለችው?»

«‹አልልዎትም› ነው ያለችው» አለ ወልደገብርኤል።

ሃዊ ያን ጊዜ ሰማችው። ምላሷ ከድቷታል። ልትመልሰው ከንፈሯን ነከሰች፤ ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አቶ አምባው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይናወጥ ጀመር።

የወደቀውን ጆግ ከመሬት አነሳች። ወደ ቧንቧው ሄዳ ሞላችው፤ ተመልሳም ማስታጠቢያውን በባዶ እጇ ወደ እሳቸው አስጠጋችው።

«ይታጠቡ» አለች። ፊቷን ግን ወደ ሐዲዱ አዙራ ነበር የምትቀዳላቸው።